ሰማያዊ ሩዝ የሠራው ሰው

ከዚህ በታች በምጽፈው ውስጥ የጨው ቅንጣት የምታህል ውሸት ከተገኘች ይቺ ቀኝ እጄ ዳግመኛ መጥበሻ አትጨብጥ፤ የጠበስኩት ሁሉ ይረርብኝ፣ ያማሰልኩት ሁሉ ይጓጉልብኝ። እኔ ወሬ ላይ ውሃ የምጨምር ሰው አይደለሁም። እንዲያውም የሚያምነኝ አጣለሁ ብዬ ግማሹን ቀንሼ ነው የምጽፈው። ስለዚህ አንዳንዱ ነገር የበዛ ከመሰላችሁ፣ እውነቱ ከዚህም የባሰ እንደነበር አስባችሁ ተጽናኑ።

ምግብ ቤቴን ታውቋታላችሁ። የማታውቁ ካላችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው። ከላውንደሪው ጎን ያለችው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሽታዋ የአውቶቡስ ሹፌር ፌርማታ የሚያስረሳው፣ ደጃፏ ላይ ሰው ተሰልፎ በክርን የሚገፋፋባት ቤት ናት። የምሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በትልቅ መጥበሻ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ድንች። በቃ። «ሩዝ የለም እንዴ?» የሚል ደንበኛ ሲመጣ መልስ አልሰጥም፤ በሩን በአገጬ አሳየዋለሁ። ሩዝ ማለት ጥርስ የሌለው ሰው ምግብ ነው። የራሱ ጣዕም የለው፣ የራሱ መልክ የለው፤ ያስጠጉትን ነገር ሁሉ መልክ ይይዛል። የእህቴን ባል ጉድ የሠራውም ይኸው ጠባዩ ነው።

ከምግብ ቤቱ በፊት ልብስ ተኳሽ ነበርኩ። ተኳሽ ስላችሁ ካውያ ጨብጦ ሸሚዝ ላይ የሚያንቀላፋ ሰው እንዳይመስላችሁ። እኔ የተኮስኩትን ሱሪ የለበሰ ሰው በሱሪው መስመር ጢሙን መላጨት ይችል ነበር። እኔ የተኮስኩትን ሸሚዝ ለብሶ ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው ተፈርዶበት አያውቅም። ሆቴሎቹ አንሶላቸውንና የጠረጴዛ ልብሳቸውን ወደኛ የሚልኩት በሌላ ምክንያት አልነበረም፤ ለኔ እጅ ሲሉ ነው። ክፋቱ፣ ትልቁ የእንፋሎት መተኮሻ የሚዘጋው በእግር ነው። ፔዳሉን በግራ እግርህ ትረግጣለህ፣ ክዳኑ ይወርዳል፣ እንፋሎቱ ይጮኻል፤ ትለቃለህ፣ እንደገና ትረግጣለህ። በዕድሜዬ የረገጥኩት ፔዳል መንገድ ቢሆን ኖሮ ዓለምን ዞሬ ተመልሼ ነበር። በመጨረሻ ጉልበቴ አበጠና የሕፃን ጭንቅላት አከለ። ሐኪሙ ጫን ጫን አድርጎ አየውና፣ «ወይ ፔዳሉን ተው፣ ወይ እግሩን ተው» አለኝ። ቃል በቃል። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ያለቅስ ነበር። እኔ ግን ሱሪው እንደተጨማደደ ነግሬው ወጣሁ።

ፔዳሉን መተው ግን ለአፍ ይቀላል። ሌላ ሥራ ማን ይሰጠኛል? የሚያሳስበኝ ይህ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ጥቂት።

ደግነቱ ሌላ ችሎታ ነበረኝ። ላውንደሪው ውስጥ ምሳ የምንበላው ከአንድ መጥበሻ ነበር። ከመተኮሻው ክፍል ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ ሦስት እሳት ያለው የጋዝ ምድጃ ተቀምጦባታል። ሠራተኛው ከቤቱ የቻለውን ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ሽንኩርት፣ አንዱ ድንች፣ አንዱ አፉን ብቻ። አፉን ብቻ ይዞ የሚመጣው ሆቴሎቹን እየዞረ ልብስ የሚያመላልሰው ሹፌር ነበር። ከመንገዱ ማዶ ጀምሮ መኪናውን እያስጮኸ ስለሚመጣ ጡሩምባ የሚል ስም አወጣሁለት፤ ስሙ እናቱ ካወጣችለት ይልቅ ጸደቀ። የመጥበሻው አለቃ እኔ ነበርኩ። ማን ሾመህ አትበሉኝ። ከኔ በፊት ሲሠራ የነበረውን ብታዩ እናንተም ትሾሙኝ ነበር። አንዷ አጣቢ ድንቹን ከነአፈሩ ትከታለች፤ ሌላው ሽንኩርቱን በጥሬው ይጨምርና «ጤና ነው» ይላል። ጤና! እንዲህ ያለውን ጤና የተመገበ ሰው ከሰዓት በኋላ ሰው አጠገብ መቆም አይችልም።

አሁን ወደ እህቴ ባል ልምጣ፤ መምጣቴ ካልቀረ። ታላቅ እህቴ፣ እኔ እታለም የምላት፣ እዚያው ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ታጥፋለች። ዝምተኛ ናት፤ ቤታችን ውስጥ የነበረው ንግግር ሁሉ ለኔ ደርሶ ለሷ የተረፈ ነገር የለም። ይቺ ሴት ከስንቱ ወንድ መካከል መርጣ መርጣ ያገባችው የላውንደሪውን እድፍ አስለቃቂ ነው። ሥራው ምን መሰላችሁ? አንዱ ክራቫቱ ላይ ዘይት ያንጠባጥባል፣ ሌላዋ ቀሚሷ ላይ ወይን ይደፋባታል፤ እሱ ጠርሙሶቹን ደርድሮ፣ በጥጥ እየነካካ፣ እያሸተተ፣ ከነጠብጣብ ጋር ሲማከር ይውላል። ሳይንቲስቱ እለዋለሁ። ለአድናቆት ብዬ እንዳይመስላችሁ። እጁ በፈሳሹ ብዛት እንደ አሮጌ ግድግዳ ተሰነጣጥቋል፤ እህቴ እንደ ሙሽራ ቅባት ትቀባዋለች። ጓንት አድርግ ሲሉት፣ «በጓንት እድፉ አይሰማኝም» ይላል። እድፍ ይሰማኛል! ስሙት እንግዲህ።

የላውንደሪው ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። አንሶላ ብርሃን ላይ ዘርግታ ታያለች፤ ካልወደደችው ትወረውረዋለች፤ ከወደደችው ዝም ትላለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ እንዳለን በሩ ላይ ቆመችና፣ «ከጎን ያለውን ባዶ ሱቅ ይዤዋለሁ። ለአላፊ አግዳሚው ምሳ እንሸጥበታለን። ከእናንተ ማን ያበስላል?» አለች።

እኔ የጎረስኩትን እስክውጥ ሳይንቲስቱ ቀደመኝ። «እኔ ብሞክር ደስ ይለኝ ነበር እትዬ። ይሄ እጄ...»

«እጅህ ምን ሆነ?» አልኩት። «ለተሰነጠቀ እጅ ሁሉ ምግብ ቤት የሚከፈት ከሆነ እኔ ተረከዜን ላሳያችሁ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው፣ ሲሰድቡት ይስቃል።

«እኔም አለሁ» አልኩ። «እንዲያውም እኔ እያለሁ ጥያቄው ለምን እንደተጠየቀ አልገባኝም።»

እትዬ ሁለታችንን እንደ አንሶላ አየችን። «ቅዳሜ ሁለታችሁም ሥሩ። አንድ አንድ መጥበሻ። የወደድኩለት ቁልፉን ይወስዳል። ሌላው ወደ ሥራው።»

ወደ ሥራው ማለት ለኔ ወደ ፔዳሉ ነው፤ ወደ ፔዳሉ ማለት ደግሞ እግሬ እምቢ ሲል ወደ ቤቴ። ለሱ ግን ወደ ጠርሙሶቹ ነው። ጠርሙስ ፊት ቆሞ መዋል ምኑ ይከብዳል?

ቅዳሜ ጠዋት ራሴ የተኮስኩትን ሽርጥ ታጥቄ ገባሁ። እትዬ ሁለት ጥቋቁር መጥበሻዎች ገዝታ ነበር፤ መንታ፣ ስፋታቸው የመኪና ጎማ የሚያህል። ሳይንቲስቱ እጅጌውን ሰብስቦ ቆሟል።

«አማቼ፣ ምን ልትሠራ አሰብክ?» አልኩት።

ሩዝ ልሠራ ነው አለኝ። ሩዝ በቃሪያና በሽንኩርት። ስልክ ላይ ባለ ቪዲዮ አንድ ነጭ ኮፍያ የደፋ ሰውዬ ሲሠራው ታይቶ ልብ መማረኩ ነው። በስልክ ሙያ የሚማር ሰው በስልክ ይብላ እንጂ ሰው ለምን ያስቸግራል? እኔ ድንቼን ያዝኩ።

እኔ ሽንኩርት ስከትፍ ቢላዬ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ያን ቀን ከከተፍኩት የተነሣ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ዓይኑ እንባ አቅርሮ የደንበኛውን ጆሮ ሊቆርጥ ምንም አልቀረውም። ድንቹን እኩል እኩል ቆራርጬ፣ ውሃውን በጨርቅ አድርቄ፣ ዘይቱ ሲግል አንዱ ቁራጭ ሌላውን ሳይነካ ዘረጋሁት። ከዚያ ተውኩት። ዋናው ጥበብ አለመንካት ነው። ሞኝ ሰው ድንች ሲጠብስ እንደሚያሳክከው ሰው መላልሶ ያገላብጠዋል፤ መጨረሻው ገንፎ ነው። የታችኛው ጎኑ ወርቅ ሲመስል አንዴ ገለበጥኩት፣ አወጣሁት፤ በዚያው ዘይት ሽንኩርቱን ለቀቅሁት። ሽንኩርቱ ለስልሶ ጠርዙ ሲቀላ ቀዩንና አረንጓዴውን ቃሪያ፤ ቃሪያው ገና ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሽ ሆኖ ሳለ ድንቹን መልሼ፤ በመጨረሻ ነጭ ሽንኩርትና ጨው። ማን አስተማረህ ብትሉኝ ማንም። አብሮኝ የተወለደ ነው።

ሳይንቲስቱ ጎኔ ሆኖ ቃሪያ ሲከትፍ ፊቱን ያጨማድዳል።

«አማቼ፣ ቢላው ከበደህ እንዴ? እታለምን ልጥራልህ?»

«ስንጥቁ ውስጥ እየገባ ትንሽ ያቃጥላል እንጂ ደህና ነኝ።»

«ያቃጠለህ ቃሪያው ነው ወይስ ቅናቱ?»

«ሽንኩርትህ እንዳያርብህ» አለኝ ቀስ ብሎ።

አላረረብኝም። ሊያርብኝም አልነበረም። እሳቱን የቀነስኩት በራሴ ሐሳብ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ሁለቱ እሳት ላይ የኛ መጥበሻዎች ናቸው፤ ሦስተኛው ላይ አንድ ድስት ሁልጊዜ ይጣዳል። ሆቴሎች ናፕኪናቸው እንደ ካርቶን ቀጥ ብሎ እንዲቆም ስለሚፈልጉ እዚያ ድስት ውስጥ ስታርች ይበጠበጣል። ነጩ ይበልጥ ነጭ እንዲመስል ደግሞ ሰማያዊው የልብስ ዱቄት ይነሰነስበታል። ከምድጃው አጠገብ፣ መደርደሪያው ጠርዝ ላይ፣ በተመሳሳይ ድስት ለሩዙ የፈላ ውሃ ተቀምጧል። የዕቃው ነገር እንዲህ ነው ላውንደሪ ቤት፤ ልብሱም ሰውም ከአንድ ዓይነት ድስት ይገለገላል። ያን ሰዓት መተኮሻዎቹ ሁሉ እየሠሩ ስለነበር ክፍሏ በእንፋሎት ታፍና የራሳችንን ክርን አናይም።

ያ ጀግና ሩዙን ሽንኩርቱና ቃሪያው ላይ ገልብጦ አገላበጠ። ከዚያ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ እጁን ሰዶ ያገኘውን ድስት አነሣና ቸለሰበት። ከደነ። እሳቱን ቀነሰ። ሥራ ላይ ሆኖ የሚለፈልፍ ሰው መጨረሻው ይኸው ነው፤ አፉ ሲሠራ ዓይኑ ያርፋል።

እኔ ድንቼን ጨርሼ፣ ክዳን ደፍቼበት አየር ልቀበል ወደ ግቢው ወጣሁ። ጡሩምባ መኪናው ላይ ተደግፎ ይጠብቃል።

«ዛሬ ምን አለ?» አለኝ።

«ዛሬ ታሪክ አለ።»

«ታሪክ ሆድ ይሞላል?»

«የኔ ይሞላል። ከዛሬ በኋላ የሌላ ሰው ምግብ ስትበላ አፍህ ይቅርታ ይጠይቀኛል።»

ይህን ስል እትዬ ከቢሮዋ ወጣች፤ ሠራተኛው ከኋላዋ። ሁላችንም ወደ ምድጃው ክፍል ገባን። እታለም በሩ ፊት ለፊት ካለው የማጠፊያ ጠረጴዛዋ አልተነሣችም፤ የአንሶላ ጫፍ እንደያዘች ቆማ ታያለች።

እትዬ መጀመሪያ የሱን ክዳን አነሣች።

ወገኖቼ፣ ሰማያዊ! እንደ ሠራተኛ ካኪ፣ እንደ ጠዋት ሰማይ። ቀዩ ቃሪያ በመካከሉ ሰው የተጣላ ይመስላል። ስታርቹ ደግሞ ሥራውን ሠርቷል፤ እትዬ ማንኪያ ሰካችበት፣ ማንኪያው እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ ቆመ። መጥበሻውን ገለበጠችው፤ ሩዙ አልወደቀም። ነቀነቀችው፤ አልወደቀም። አንዲት አጣቢ ስታማትብ አይቻለሁ። እኔ ራሴ ይህን ስጽፍ እንኳ ሆዴን ይዤ ነው።

«ይሄ ምሳ ነው ዩኒፎርም?» አለ ጡሩምባ።

«አጥፈን ለሆቴሉ እንላከው» አለ ሌላው።

እትዬ አልሳቀችም። «የማነው?» አለች።

ጥቂት ጸጥታ ሆነ።

«የኔ ነው እትዬ» አለ ሳይንቲስቱ።

«ያንተ? እድፍ የምታስለቅቅ ሰውዬ?»

«እንፋሎቱ ነው። ድስቱ ተሳሳተብኝ።»

«በል ከሩዙ ላይ አስለቅቀዋ!» አለ ጡሩምባ፤ ሳቁ ጣሪያውን አነሣው። ሳይንቲስቱ ሽርጡን ይጠራርጋል። ቢያንስ አልካደም። ይቺን ታህል ወንድነት ስላሳየ አመስግኜዋለሁ፤ በልቤ።

ከዚያ እትዬ ሁለተኛውን ክዳን አነሣች። ሽታው ብቻውን ሦስት ሰው ወደ ኋላ ገፋ። አንድ ማንኪያ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ያቺ ሴት ተቀምጣ ስትበላ ታይታ አትታወቅም። ድንቹ ከላይ ጥርስ ሲያርፍበት ይንኮሻኮሻል፣ ከውስጥ እንደ ቅቤ ይቀልጣል፤ ሽንኩርቱ ጣፍጧል፤ ቃሪያው አፍንጫ ድረስ ብቻ ወጥቶ ይመለሳል። ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ ትቶ መጣ፤ ግማሽ የተላጨውም ተከትሎት መጣ። ጡሩምባ መጥበሻውን በጣቱ ጠረገው። ብረቱን ሊበላ ሲል ነው ያስጣልነው።

እትዬ አፏን ጠርጋ ዝም አለች። እሷ ዝም አለች ማለት ወደደች ማለት ነው። ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ መዳፌ ላይ ጣለችው። ስንት ሰው አለቀሰ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ሽንኩርትም ስለነበረ መለየት ያስቸግራል።

ሳይንቲስቱ መጥቶ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «ደስ ብሎኛል አማቼ» አለኝ። አስመሳይ! ተሸንፎ ደስ የሚለው ሰው የት አለ? ከዚያ ወደ ጠርሙሶቹ ተመለሰ፤ ዛሬም እዚያው ነው። እኔ እዚህ ምድጃዬ ፊት ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴን ዘርግቼ፣ ከተማውን አበላለሁ። አንዳንድ እሑድ ኩሽናዬ ድረስ እየመጣ፣ «እሳቱ በዛ፤ ድንቹን አትነካካው፤ ተወው» ይለኛል። ሩዝ ሰማያዊ ያደረገ ሰው እኔን ሊያስተምር! ዘመድ ስለሆነ ዝም ብዬ እሰማዋለሁ፤ አንዳንዴም እንዳይከፋው ብዬ ያለውን አደርግለታለሁ።

ምስክር የሚፈልግ ካለ እህቴን ይጠይቅ። የማጠፊያው ጠረጴዛ ከምድጃው ክፍል ፊት ለፊት ነው፤ በሩም ያን ቀን ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዓይኗ አይታዋለች።

እዚህ ድረስ እንደጻፍኩ እህቴ ራሷ ገባች። ምሳ ሰዓት አልፎ ቤቱ ባዶ ነበር። የታጠቡትን የጠረጴዛ ልብሶች በክንዷ ታቅፋለች።

«ምን ትጽፋለህ?»

«ታሪካችንን። ተቀመጪና አንብቢው እታለም። አንቺም አለሽበት፤ ምስክሬ አድርጌሻለሁ።»

ተቀምጣ አነበበች። ጎማ የሚያህለው መጥበሻ ጋ ስትደርስ ፈገግ አለች። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ስትደርስም ፈገግ ያለች መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ፈገግታ አላየሁም። ስትጨርስ የወረቀቶቹን ጠርዝ እንደ አንሶላ አስተካክላ ፊቴ አስቀመጠቻቸው።

«ሩዙ ያንተ ነበር» አለች።

«የቱ ሩዝ?»

«ሰማያዊው። ድንቹ የሱ ነው።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ልብስ መታጠቡን የምትነግረኝ ነው የሚመስለው።

«አንቺ ሩቅ ነበርሽ እታለም። ያን ሁሉ እንፋሎት አልፈሽ...»

«በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር ብለህ ጽፈሃል።»

«እሱስ አዎ፣ ግን...»

«ድስቱን ስታነሣ ሽንኩርት እንዴት እንደሚጠበስ እያስረዳኸው ነበር፤ ወደ ድስቱ አልዞርክም። ከዚያ ግቢ ወጥተህ ለሹፌሩ ስትፎክር እሱ ክዳንህን አነሣና አየው። ትንሽ ቆመ። ከዚያ መጥበሻዎቹን በጨርቅ ይዞ አቀያየራቸው። ከባድ ነበሩ፤ እጁን ሲያመው ፊቱ ላይ አይቻለሁ።»

«ምን ብሎ እንዲህ ያደርጋል? እብድ ነው?»

«እኔም ጠየቅሁት። ‹እኔ እጄን ቅባት እቀባዋለሁ፤ ወንድምሽ እግሩን ምን ያደርገዋል?› አለኝ።»

ወረቀቶቹን ሳብ አድርጌ ድንቹ ያለበትን ገጽ ፈለግሁ።

«እትዬ ክዳኑን ስታነሣ መጥበሻዎቹን አየሃቸው» አለች እህቴ እየተነሣች። «ከዚያ እሱን አየኸው። ከዚያ ዝም አልክ። ከልጅነታችን ጀምሮ ዝም ስትል ያየሁህ ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔም አብሬህ ዝም አልኩ።»

ያደፉትን የጠረጴዛ ልብሶች ሰብስባ በክንዷ አድርጋ ወደ ሥራዋ ሄደች።